ያልተጠራው ዋስ

አስር አለቃ ዘገዬ ከአራዳ ገበያ ቁልቁል ወደ ጉራጌዎቹ መንደር መውረድ ከጀመረ ስድስተኛ ሳምንቱ ነበር። በየረቡዑ ይወርዳል። ዱላውን ጣቢያ ትቶ፣ ካኪውን አሳጥቦ፣ እንደ አዲስ አማች ተሽሞንሙኖ ነው የሚሄደው። መንደርተኛውም አያሳፍረውም። ገና ከሩቅ ሲያየው ብድግ ይላል፤ "ኖር አስር አለቃ!" ይለዋል፤ እሱም "በእግዜር፣ በእግዜር" ይላል። በርጩማ ይወጣለታል። ልብ በሉ፣ ይወጣለታል ነው ያልኩት። ስድስት ሳምንት ሙሉ ከደጅ ተቀመጠ እንጂ የአንድ ሰው ጣራ ሥር አልገባም።

ስለ ክረምቱ ያወጉታል፣ ስለ ሸክሙ ክብደት፣ አገር ቤት ስላለው እንሰት ያወጉታል። እሱ ደግሞ ወሬውን እንደምንም አዙሮ ወደ ሌባ ያመጣዋል። "አራዳ ላይ ሱቅ የሚሰብረው ማነው? ሰምታችሁ ይሆን?" ይላል። ያን ጊዜ ሁሉም እጁን ማየት ይጀምራል። "እኛ ምን እናውቃለን ጌታዬ፤ የሰው አገር ሰዎች ነን" ይሉታል። ከዚያ መንደር ይዞት የወጣ ነገር ቢኖር የካኪው ጭቃ ብቻ ነበር።

የላከው የጣቢያው ሻለቃ ነው። ሻለቃው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የታከተው ሰው ነበር። "ስንገርፋቸው ዝም፣ ስናስራቸው ዝም። እስቲ ደግሞ ውረድና ተለማመጣቸው" አለው። "ከለመዱህ ይነግሩሃል። አንተ ደግሞ ድሮ ታውቃቸው የለም?"

ያውቃቸዋል። ጣጣውም እሱ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ፍቅሬ የሚባል ጉራጌ ነበር። ሚስቱ አይናዲስ ቆጮ ትሸጣለች፣ እሱ ቤት ይሠራል። ዘገዬ እሪ በከንቱ ላይ መሬት ተሰጥቶት ቤት የቀለሰ ጊዜ፣ ምሰሶውን ያቆመው፣ የማገረው፣ የመረገው፣ ጣራውን የከደነው ይኸው ፍቅሬ ነው። ሁለቱ በሥራው ተዋወቁና በዚያው ተወዳጁ። እሑድ እሑድ ዘገዬ እነሱ ጎጆ ገብቶ ክትፎ በቆጮ ይበላ ነበር፤ አይናዲስም "ወንድሜ" ትለው ነበር። ዘገዬ አንድ ቀን ጠግቦ፣ ደስ ብሎት፣ "ፍቅሬ፣ የሰው አገር ነው ብለህ አትስጋ። ክፉ ቀን የመጣ ዕለት ስሜን ጥራ" አለው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው መቼም።

ክፉ ቀን መጣ። ከአንድ ባላባት ግቢ የብር ጌጥ ያለው ኮርቻ ጠፋና አውጫጭኝ ተባለ። አውጫጭኝ ማለት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪጠቆም ቤቱ የማይገባበት ነው። ፀሐይ ይመታሃል፣ ዝናብ ይመታሃል፤ ሆድህ ይጮሃል። በሁለተኛው ቀን ማንም ይሁን ማን፣ አንድ ሰው ተጠቁሞ ቤቴ ብገባ ትላለህ። ነባሩ ሰው እርስ በርሱ ይተዋወቃል፤ ማን ማንን ይጠቁማል? ጣት የሚያርፈው ዘመድ በሌለው ላይ ነው። "ትናንት ከዚያ ግቢ ሲወጣ ያየሁት ያንን ጉራጌ ነው" ተባለና ፍቅሬ መሐል ገባ።

"ዋስ አለህ?" አለው ዳኛው። ዋስ የሚሆነው አራዳ ላይ የራሱ ቤት ያለው ሰው ብቻ ነው። ከመንደሩ ሰው ደግሞ ማን ቤት አለው?

ፍቅሬ ግን ፊቱ በራ። "አለኝ!" አለ። "ዘገዬ! ዘበኛ ዘገዬ ዋሴ ነው!"

ዘገዬ አሥር እርምጃ ላይ ቆሞ ነበር። የዚያን ጊዜው አለቃ ደግሞ ከጎኑ። ያ አለቃ ጠዋት ነው "ከሌባ ጋር የሚሞዳሞድ ዘበኛ ካገኘሁ እንጀራውን እቆርጣለሁ" ያለው። የዘገዬ ሚስት እርጉዝ ነበረች፤ ማዕረግ ሊያገኝ ስሙ ተጽፎ ነበር። እንዲህ እያልኩ ምክንያት ልደርድርለት እችላለሁ፤ ግን ምን ያደርጋል? ፈራ። ሌላ ነገር የለውም፣ ፈራ። ፍቅሬ ሦስት ጊዜ ጠራው። ዘገዬ አቀርቅሮ የቀኝ እግሩን አውራ ጣት ያይ ነበር።

ፍቅሬ ተገረፈ፣ ታሰረ፣ ወር ሳይሞላው እስር ቤት ተስቦ ገደለው። ኮርቻው በኋላ ከባላባቱ የእህት ልጅ ዘንድ ተገኘ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ዘገዬ በሦስተኛው ወር አስር አለቃ ተባለ። የጠየቀው ሰው ሲኖር "ጫጫታው ብዙ ነበር፤ አልሰማሁም" ይላል። ለሚስቱም እንዲያ አላት፣ ለነፍስ አባቱም እንዲያ አላቸው። እንዴት አይሰማ! አሥር እርምጃ ላይ!

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እሱ ደግሞ፣ ልንገራችሁ፣ ወግቶም አልረሳም። ለዚህ ነው ሻለቃው "ውረድ" ሲለው አቀርቅሮ የወጣው።

በስድስተኛው ረቡዕ፣ መስከረም ሲብት፣ ሲወርድ መንደሩ እንደወትሮው አልነበረም። የተሸካሚዎቹ አለቃ አቶ ካሣሁን ብቻቸውን ቆመው ጠበቁት። በርጩማም አልወጣም።

"ሙሄን ወስዳችሁታል" አሉት።

ዘገዬ ያውቃል። ሙሄ ሃያ ዓመት የሞላው ተሸካሚ ነው፤ አገር ቤት ሚስት አለችው። የነጋዴው የአቶ ፀሐዬ ግምጃ ቤት ሰኞ ጠዋት ተከፍቶ ሦስት ጣቃ አቡጀዴ ጠፍቷል፤ ግምጃ ቤት ጠባቂው ፍስሃ ደግሞ "ሙሄ ነው፣ እሑድ ዕቃ ሲያገባ በሩን ሲያጠና ነበር" ብሎ ከሷል። ሙሄ "ሰኞ ጠዋት የት ነበርክ?" ሲባል አፉን ዘግቷል። አርብ ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ ዝም ካለ ሜዳው ላይ ይገረፋል፤ ከዚያም እስር ነው።

"የት እንደነበረ ለምን አይናገርም?" አለ ዘገዬ።

"ብቻውን አልነበረማ። የእኛ ልጅ የሰው ስም ለዘበኛ አይሰጥም፤ ስሟን ቢሰጥ እሷንም ትወስዷታላችሁ። እኔም አልሰጥህም። እሷ ራሷ ከፈቀደች ትናገር።"

"እሷ ማናት?"

ሽማግሌው ሳይመልሱ ወደ መንደሩ መጨረሻ፣ ወደ አንዲት ጎጆ ዞር ብለው አዩ። ዘገዬ ያቺን ጎጆ በስድስቱም ሳምንት በሩቁ ነበር የሚያልፋት።

አይናዲስ ደጃፏ ላይ ቆጮ በኮባ ትጠቀልል ነበር። ሲደርስ ተነሳች። "ኖር ጌታዬ" አለችው። ወንድሜ ስትለው የኖረች ሴት "ጌታዬ" ስትለው ከስድብ ይብሳል።

"ሰኞ ጠዋት ሙሄ ከአንቺ ጋር ነበር?"

"ነበር። ገና ጎሕ ሲቀድ ቆጮዬን ተሸክሞልኝ ገበያ ቦታ ልይዝ ስንወጣ ነው።"

"ያየሽው ነገር አለ?"

"ዓይን አለኝ ጌታዬ፤ አያለሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም ትያለሽ? ልጁ ሊገረፍ ነው እኮ!"

እጇን ከኮባው ላይ አነሳች። "ያየ ሰው ይታሰራል። ስሙ የተጠራ ሰው ይታሰራል። ዋስ የሌለው ሰው ከገባ ደግሞ በእግሩ አይወጣም። ይህንን እኔ ለእርስዎ ልንገርዎት?"

"አይናዲስ፣ ያን ዕለት ጫጫታው..."

"ተዉት።"

"ዳኛው ፊት ብትቀርቢ እኔ..."

"ቃል አይግቡልኝ" አለችው፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "የእርስዎን ቃል ባሌ ይዞት መሬት ገብቷል።"

ተመልሳ ተቀመጠችና ቆጮዋን ትጠቀልል ጀመር። ትመጣለች አትመጣም፣ ከፊቷ የሚነበብ ነገር አልነበረም።

ዘገዬ ወደ ጣቢያ ተመልሶ ለሻለቃው ምስክር ሳትኖር እንደማትቀር ነገረው። ሻለቃው ደስ አለው። "ይኸው፣ ተለማመጣቸው ያልኩህ ሠራ!" አለ። ቀጥሎም ጣቱን ቀሰረ። "ብቻ እንደ አማላጅ ሽማግሌ መሐል እንዳትገባ። ዘበኛ ለተከሳሽ ወገን ዋስ ከሆነ ቀበቶውን ይፈታል። ሰማህ?"

"ሰምቻለሁ" አለ ዘገዬ።

ያን ቀን ራቱን አልበላም። ቤቱ ተቀምጦ ምሰሶውን ሲያይ ሚስቱ ተናኘወርቅ ልጇን አቅፋ መጣችና ፊቱ ቆመች። ያሰበውን ነገራት፤ አይናዲስ መስክራ ዋስ ጥሪ ብትባል፣ እሱም ዋስ ቢሆናት፣ እሷ ግን አገሯ ገብታ ብትቀር፣ ቤታቸው እንደሚወሰድም ነገራት።

"ይህችን ልጅ ይዘን የት እንገባለን?" አለችው።

"አላውቅም።"

"እኔም አላውቅም" አለች። "ግን ያን ጊዜ 'አልሰማሁም' ስትለኝ አምኜህ መሰለህ? ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ምሰሶ አቅፌ ነው የማለቅሰው። እንዳሻህ አድርግ።"

አርብ ዕለት ዳኛው ከጊዮርጊስ በታች፣ ያው የአውጫጭኙ ሜዳ ላይ፣ ዛፉ ጥላ ሥር ተቀመጡ። የገበያው ሰው ግማሹ ተሰብስቧል። ፍስሃ ነጭ ለብሶ፣ ጥርሱን ፍቆ መጥቶ እጁን እያወናጨፈ ተሟገተ፤ አንደበት እንደሆነ ሰጥቶታል። ሙሄ እጁ ታስሮ ቆሟል። "ሰኞ ጠዋት የት ነበርክ?" ተባለ። ዝም። እንደገና ተጠየቀ። ዝም። ዳኛው ተሰላቹና ገራፊውን ሊጠሩ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ከሕዝቡ መሐል ድምፅ ተሰማ።

"በሕግ አምላክ!"

ሁሉም ባለበት ቆመ። አይናዲስ ነጠላዋን አደግድጋ ወደ ፊት ወጣች። ሙሄ ሲያያት ራሱን ነቀነቀ፤ አትምጪ ማለቱ ነው። እሷ ግን አላየችውም።

"ይህ ልጅ ሰኞ ጠዋት ከእኔ ጋር ነበር፤ ሸክሜን ይዞልኝ" አለች። "ግምጃ ቤቱን የከፈተው ይኸው ከሳሹ ነው። በጓሮ በኩል ሦስት ጣቃ አውጥቶ በግራጫ በቅሎ ላይ ጫነ። በቅሎዋ የግራ ጆሮዋ ተቆርጧል። የነዳት ሰው አንካሳ ነው፤ ወደ አምስት ኪሎ አቅጣጫ ሄደ። ያየሁት ይህ ነው፤ አንድ ቃል ብጨምር እግዜር ይጨምርብኝ።"

ሜዳው ጉድ! አለ። ፍስሃ ለአፍታ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ግን መቼም አልሞት ባይ ተጋዳይ ነው። "ጌታዬ!" ብሎ ጮኸ። "ወገኗን ለማዳን የምትቀባጥረውን ያምናሉ? በሐሰት ስሜን አጥፍታለች፤ እከሳታለሁ! ነገ ዘመዶቿ ሁሉ ለመስቀል አገራቸው ሊገቡ ነው። እሷም ከሄደች ማን ያገኛታል? ወይ ዋስ ትጥራ፣ ወይ ትታሰርልኝ!"

የተናገረው ሕጉን ነው፤ ክፋቱ እሱ ነው። ዳኛው አገጫቸውን እያሻሹ አሰቡና "ነገሩ እስኪጣራ ዋስ ያስፈልግሻል። ዋስሽን ጥሪ" አሏት።

አይናዲስ የማንንም ስም አልጠራችም።

አቶ ካሣሁን ወጡ። "እኔ ልሁናት ጌታዬ።"

"ቤት አለህ?"

"በኪራይ ነው ያለሁት።"

"አይሆንም።" ዳኛው ወደ ሴቲቱ ዞሩ። "ዋስሽን ጥሪ።"

ሕዝቡ መሬት መሬት ያያል። ዘገዬ ከሻለቃው ጎን፣ አሥር እርምጃ ላይ ቆሟል። አይናዲስ አንድም ጊዜ ወደ እሱ አልዞረችም። እንደማትጠራው ገባው። ብትታሰርም፣ ብትሞትም ስሙን አትጠራም። ልብ አድርጎ ሲያይ ለካ አቀርቅሯል፤ የሚያየውም ያችኑ የቀኝ እግሩን አውራ ጣት ነው።

"ለመጨረሻ ጊዜ ነው" አሉ ዳኛው፤ "ዋስሽን ጥሪ።"

ያች እግር ተንቀሳቀሰች። እሱ አንቀሳቅሷት ይሁን ራሷ ሄዳ፣ በኋላም ሲጠየቅ አያውቀውም። ብቻ ራሱን ዳኛው ፊት አገኘው።

"እኔ ዋስ ነኝ" አለ።

"ዘገዬ!" አለ ሻለቃው ከኋላው፣ በጥርሱ መሐል።

ዳኛው አፈጠጡበት። "ማን ጠራህ?"

"ማንም አልጠራኝም።"

"በምን ትዋሳለህ?"

"እሪ በከንቱ ባለው ቤቴ።"

ዳኛው ወደ አይናዲስ ዞሩ። "ሴትዮ፣ ይህን ሰው ትቀበይዋለሽ?"

ያን ጊዜ ዞራ አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። ዘገዬ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ፤ ግን ዓይኑን አልሰበረም።

"ሰውየውን አላውቀውም" አለች በመጨረሻ። "ቤቱን ግን አውቀዋለሁ። ምሰሶውን ያቆመው ባሌ ነው። ቤቱን እቀበላለሁ።"

ሻለቃው የዘገዬን ቀበቶ እዚያው ሜዳ ላይ አስፈታው። ቃሉ ነበርና አልፈርድበትም።

በቅሎዋ በማግስቱ ተገኘች፤ ጆሮ ቆራጣ በቅሎና አንካሳ ነጂ የት ይደበቃል? አቡጀዴውም አብሮ ተገኘ። ሙሄ ዕለቱን ተፈታና የገመዱ ሰምበር ከእጁ ሳይጠፋ ወደ አገሩ ተፈተለከ። የአይናዲስ ነገር ግን፣ ምስክር ናትና፣ የፍስሃ ፍርድ እስኪያልቅ፣ ማለት ከመስቀል በኋላ ድረስ፣ በቀጠሮ ታሰረ። አራዳን ለቃ ንቅንቅ ማለት አትችልም። እናንተዬ፣ ጉራጌን ለመስቀል አገርህ አትግባ ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ዓመቱን ሙሉ ጀርባው እስኪላጥ የሚሸከመው ለዚያ ቀን ነው። እሷም ለአገር ቤት ዘመዶቿ የምትሰጠውን ነጠላና ጨው ቋጥራ ጨርሳ ነበር፤ ጥቅሉን ለአቶ ካሣሁን ሰጥታ ላከችና ቀረች።

መንደሩ ሊነሳ ሲል አቶ ካሣሁን እሪ በከንቱ ድረስ ወጥተው፣ የዘገዬን በር አንኳኩ። ካኪውን ለብሶ ስድስት ሳምንት የወረደላቸው ሰው፣ አሁን አሮጌ ጋቢ ተከናንቦ ከፈተላቸው።

"ልንሄድ ነው" አሉት። "ጎጆዎቻችን ባዶ ይቀራሉ። እስክንመለስ ጠብቅልን።"

"እኔ እኮ ዘበኛ አይደለሁም አሁን።"

"እሱማ ባትሆን ነው የመጣሁ" አሉት ሽማግሌው።

ወረደ። በየቀኑ ወረደ። ከጎጆ ጎጆ እየዞረ በር ይነካል፣ ተመልሶ የመንደሩ መግቢያ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። አይናዲስ ከበሯ ታየዋለች፤ አታናግረውም፤ እሱም አያናግራትም። እንዲህ ሆነው አምስት ቀን ቆዩ።

በመስቀል ዋዜማ፣ በደመራው ዕለት፣ ፀሐይ ልትገባ ስትል፣ መንደሩ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው አልነበረም። ከላይ ከአራዳ የልጆች ጩኸትና የእዮሃ አበባዬ ጭፈራ ይሰማል። አይናዲስ ደጇ ላይ እጇን አጣምራ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ አገሯ ታያለች። ዘገዬ በር በሩን እየነካ መጥቶ በአጠገቧ ሊያልፍ ሲል ተናገረች።

"ሳልጠራህ መጣህ" አለችው።

ቆመ።

"እሱ ግን ጠርቶህ ነበር።"

ያ የለመደው ቃል፣ ጫጫታው ብዙ ነበር የሚለው፣ ምላሱ ጫፍ ድረስ መጣ። ሁለት ዓመት የተናገረው ነው፤ ራሱ ይወጣል። ዘገዬ እንደ መራራ ኮሶ ዋጠው።

"ሰምቼዋለሁ" አላት። "ሦስቱንም ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ አይናዲስ።"

አይናዲስ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገችና አለቀሰች። ባሏ የሞተ ዕለት እንኳ መንደሩ እንዲያ ስታለቅስ አላያትም ነበር፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅዋ ግን ብዙ አይሰማም። እሱም እንባው ጋቢው ላይ እየወረደ፣ የሚይዘው አጥቶ፣ እጁን አንጠልጥሎ ቆመ። ከአራዳ በኩል አንድ ችቦ በራ፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ።

ስትጨርስ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

"እንዲህ በለኝ እንጂ" አለችው።